በተቆለፈ አዳራሽ የሚጮኽ ሳጥን

ሰኞ 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ለማስታወሻ አልነበረም። የመንግሥትን ቅጽ በቀጥታ ብሞላው እንደማበላሸው ስለማውቅ፣ መልሱን መጀመሪያ እዚህ ልሞክረው ብዬ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፦ «የፕሮጀክቱን ዓላማ ከመቶ ሰማንያ ባላነሱ ቃላት ይግለጹ።» የኔ መልስ፦ «ኦክስጅን ሊያልቅ ሲል ይጮኻል።» አራት ቃል። የእህቴ ልጅ አየችውና «ጋሼ፣ መቶ ሰባ ስድስት ይቀርሃል» አለችኝ። የቀረውን ደግሞ ይጮኻል፣ ደግሞ ይጮኻል እያልኩ ልሙላው ወይ ብላት እስክሪብቶውን ቀማችኝ።

ስለ ሳጥኑ በሥርዓት ልጻፍ፤ ቅጹ ሲያደናግረኝ እመለስበታለሁ። የእህቴ ልጅ በትንሿ ሆስፒታል የሌሊት ነርስ ናት። ቀን ትተኛለች፣ ሲመሽ ዓይኗ ይበራል፤ እኔ ጉጉት ነው የምላት። ክፍሏ አሥራ አንድ አልጋ አለው። ከየአልጋው ጎን አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ቆሟል፤ የእያንዳንዱን የግፊት መለኪያ መርፌ በእጅ ባትሪ እየዞረች ታያለች። አንዱን ስታይ ሌላው ያልቃል። ዓምና እንዲህ አንድ ሰው አመለጣት። ጠዋት ከሥራ ስትወጣ ሱቄ መጣችና ልጠግነው የፈታሁት ማቀዝቀዣ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ፣ የሬዲዮ ሐኪም ነኝ ትል የለ፣ እንግዲያው መርፌውን አስጩኸው አለችኝ። ሦስት ወር ለፋን። እሷ የሚያስፈልገውን ታውቃለች፣ እኔ ሽቦ አውቃለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የተበላሸ ዕቃ ነው።

ሁለት ሳጥን ሠራን፤ በሬዲዮ ሞገድ እርስ በርስ መልእክት ይለዋወጣሉ። አንዱ አምስት ቁጥር አልጋ፣ አንዱ ስምንት ቁጥር ላይ ከተገጠሙ ሰባተኛ ሳምንታቸው። መርፌው ቀዩ ላይ ሲደርስ ሳጥኑ አያፏጭም፤ በኔ ድምፅ ይናገራል። ፉጨትማ ሆስፒታል ውስጥ ሞልቷል፣ ጆሮ የሚሰጠው የለም። ስድብ ግን ሁሉም ይሰማል። ስምንት ቁጥር «ጉጉት! ስምንት ቁጥር! እንቅልፍሽን ቤትሽ ተኚ!» ይላል። አምስት ቁጥር ላይ የተኛው ጓደኛዬ ልብስ ሰፊው ነው፤ ሳንባው ካስቸገረው ዓመት አለፈ። እኔ ክር እለዋለሁ፣ እሱ ሽቦ ይለኛል፤ ሁለታችንም ሥጋ አልበዛብንም። የሱን ሳጥን ቃል የመረጠው ራሱ ነው፦ «ጉጉት! አምስት ቁጥር! ክሩ ሊበጠስ ነው!» እስከ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጮኾ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደርሳለች።

መንግሥት በትብብር ለሚሠሩ የቴክኖሎጂ ፈጠራዎች ድጋፍ ይሰጣል የሚለውን ማስታወቂያ ያመጣችው እሷው ናት። ካገኘን አርባ ክፍል ይዳረሳል። ላም አለኝ በሰማይ ብያታለሁ። ግን ደብተሩን ገዛሁ።

ረቡዕ 6

የድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት ሦስት። መስታወቱ ላይ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ እሷም ከሆድ ትይዩ ናት። ለመናገር ወገብህን ሰብረህ ትጎነበሳለህ። ትንሽ ከፍ አድርገው ቢቀዱት ምን ይጎድልባቸው ነበር? ምንም። ግን ያኔ ሰው ቀጥ ብሎ ሊያናግራቸው ነው።

ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። ጉንፋን ይዟታል። ትብብር ማለት ቢያንስ ሦስት አጋር ማለት ነው፣ አንዱ ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም መሆን አለበት አለችኝ። እኔ፣ የእህቴ ልጅና ልብስ ሰፊው ሦስት ነን አልኳት። ሰው አይቆጠርም፣ ተቋም ነው የሚቆጠረው። ሱቄስ ተቋም አይደለም ወይ? ማኅተም አለው ወይ? ማኅተም የለውም፣ ድመት አለው አልኳት። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እሷ አፍንጫዋን ጠረገች።

ከሰዓት በኋላ ማኅተም አስቀረጽኩ። ክብ ነው፣ ዙሪያው ጽሑፍ አለው፣ መሐሉ ላይ ድመት ተቀምጣለች።

ቅዳሜ 9

ከኮሌጁ አጋር አገኘን። መምህር ነው፣ ጎልማሳ፣ ቢሮው ውስጥ መስኮት ዘግቶ ካፖርት ለብሶ ይቀመጣል። ስሙን ነግሮኛል፤ እኔ ግን ካፖርቱ ብዬዋለሁ፣ ከዚህ ስም አልፈታውም። ጨዋ ነው፣ ጋሼ ጋሼ ይለኛል። ሳጥኑን ግን አልነካውም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፤ እሱ ወረቀቱን ነው ያገላበጠው። «ሳጥን» የሚለውን ሰርዞ «የተቀናጀ ብልህ የትንፋሽ ድጋፍ ክትትል ሥርዓት» አለው። «ይጮኻል» የሚለውን ሰርዞ «የድምፅ ማሳወቂያ ያመነጫል» አለ። አንድ ቃል በሰረዘ ቁጥር የገዛ ዕቃዬ ከእጄ እየራቀች ስትሄድ ታየኝ። መቶ ሰማንያው ቃል ግን በአሥር ደቂቃ ሞላ።

ስንወጣ ጉጉት ሰውየው ሥራውን ያውቃል አለችኝ። የቱን ሥራ?

ማክሰኞ 12

ገጽ አሥራ ዘጠኝ። «ሥጋቶች» በሚለው ሥር «ካፖርቱ» ብዬ ጻፍኩ። ጉጉት አጠፋችው። ገጽ ሃያ ሁለት፣ «ዘላቂነት»። ገጽ ሃያ አምስት፣ እንደገና «ዘላቂነት»፣ በሌላ ጥያቄ። እነዚህን ቃላት ስጽፍ ውዬ አፌ የከረመ ዘይት የቀመስኩ ይመስል ቀፈፈኝ። ራት አልበላሁም።

ዓርብ 15

ክርን ልጠይቅ ሄጄ ቅጹን አነበብኩለት። ስለ ራሱ የተጻፈውን ሲሰማ፣ «ተጠቃሚው የኅብረተሰብ ክፍል» የሚለውን ማለቴ ነው፣ እስኪያስለው ሳቀ። ዕድሜዬን ሙሉ ስንቱን ለክቻለሁ፣ እኔን በዚህ መለኪያ የለካኝ የለም አለ።

አልጋው ላይ ተቀምጦ ለኔ ኮት እየሰፋ ነው። ማጣሪያውን አልፈን በጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ቆሜ የምናገር ከሆነ በዘይት ልብስ አይሆንም ብሎ የራሱን ጨርቅ አስመጣ። ሲሰፋ ቱቦው አፍንጫው ላይ ነው። መርፌው ውስጥ ክር ሲያስገባ ትንፋሹን ይይዛል፤ ያቺን ታህል ለመያዝ እንኳ ትንፋሽ እንዳለው ሊያሳየኝ ይመስለኛል። ከዚያ ተኛ፣ እኔም ጋዜጣ እንደማነብ ሆንኩ።

አዳራሹ ውስጥ የፈጣሪዎች ስም በሰሌዳ ይለጠፋል አሉ። ለኔ ምኔም አይደል።

ሰኞ 18

ማመልከቻው የመጀመሪያውን ማጣሪያ አለፈ። ካፖርቱ ደብዳቤውን ይዞ ሱቄ ድረስ መጣ፤ ድመቷ ወንበሩን ስላልለቀቀችለት ቆሞ አነበበው። የሚቀጥለው ምዘና ነው። «በሥራ ላይ ያሉት ናሙናዎች በሙሉ» ለሦስት ሳምንት በጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ይቀመጣሉ።

ጉጉት ከእንቅልፏ ተነስታ መጥታ ነበር፤ ፊቷ ላይ የትራሱ መስመር ነበረበት።

«ስምንትን ውሰዱ፣ ስምንት እየዳነ ነው» አለች። «አምስት ቁጥርን ግን ተዉልኝ።»

ካፖርቱ ገለጸላት። ሁለቱ ሳጥኖች እርስ በርስ መልእክት ሲለዋወጡ ካልታየ የትብብሩ አሥራ አምስት ነጥብ ይቀራል። በአሥራ አምስት ነጥብ የወደቁ ብዙ ናቸው። ሌላ ለምን አንሠራም አለች። ግፊቱን የሚያነበው ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ነው አልኳት። እውነቴን ነው፣ ስድስት ሳምንት ነው። ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ።

«ከሳጥኑ በፊት በምን ትሠሪ ነበር?» አልኳት። «ጉጉት አይደለሽ? በጨለማ ማየት ነው እንጂ ምን ቸገረሽ።»

ካፖርቱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እንዳልሳቀች አይቻለሁ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ፣ ድመቷንም መታሁበት። አርባ ክፍል ነው፣ አርባ። በሦስት ሳምንት ሁለት አልጋ ምን ይሆናል? ለስሜ ብዬ አይደለም።

ሐሙስ 21

ሳጥኖቹን ነቀልኩ። ክር ከአልጋው እያየኝ፣ «አፍህን ይዘህ መሄድህ ነው ሽቦ?» አለ። አዳራሽ ልናገርበት ነው አልኩት። «ታዲያ እኔን እዚህ ማን ይሰድበኛል?»

ጉጉት ትሰድብሃለች አልኩት። ጨዋ ናት፣ አትችልበትም አለኝ።

ኮቱን አስለበሰኝ። ግራ እጅጌው አልቋል። ቀኙ በነጭ ክር በትልልቁ ተይዞ ብቻ ነው ያለው። ስትመለስ እጨርስልሃለሁ፣ ካልያዝኩብህ አትመለስም አለ። እንዲህ ብሎ አስወለቀኝና ትራሱ ሥር አስገባው።

እሁድ 24

አዳራሹ። ምንጣፍ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ከአንድ ጥግ እስከ ሌላው የተደረደረ ፈጠራ። አጠገቤ ያለው ሰው ስልክ የሚያዘው የአበባ ማጠጫ ይዟል። አበባው ፕላስቲክ ነው፤ እውነተኛው ምንጣፉን ያበላሻል ብለውታል። የተደረደርነው ሁሉ የጋብቻ ወረፋ የያዝን ያህል ታጥበን ተላጭተን ቆመናል።

ሰሌዳው ተለጥፏል። «ዋና ተመራማሪ» የሚለው ሥር ካፖርቱ። «ተጠቃሚ ተቋም»፣ ሆስፒታሉ። እኔ ከታች በትንሹ፦ «የማኅበረሰብ ተወካይ»። የጉጉት ስም የለም። ካፖርቱ አፍሮ፣ የትምህርት ማስረጃ የሌለው ሰው በተመራማሪነት አይመዘገብም፣ ሥርዓቱ አይቀበለውም አለኝ። የትኛውን ማኅበረሰብ ነው የምወክለው አልኩት። የድመቶችን?

ዕቃዬን ጠቅልዬ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። አስተባባሪዎቹ ባዶ ሊሆን የደረሰ አሮጌ ሲሊንደር አምጥተውልኛል፤ መርፌው በራሱ ቀዩ ጫፍ ላይ ነው። የአምስት ቁጥሩን ሳጥን ገጥሜበት፣ ጎብኚ ሲያልፍ እንዲጮኽልኝ እዚያው ላይ ተውኩት። አዲስ እናምጣልህ ሲሉኝ ይሄው ይሻላል አልኳቸው። ሲጮኽ ሰው ይሰበሰባል፣ ይሥቃል፣ ይህ የማን ድምፅ ነው ይላል። የኔ ነዋ። ሰሌዳ ባይኖረኝ አፍ አለኝ።

ረቡዕ 27

የአዳራሹ ዘበኛ ጠዋት በር ላይ ያዘኝ። ሳጥንህ ሌሊቱን ሁሉ ሲጮኽ አደረ አለኝ። መሽቶ አዳራሹ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፣ መርፌዋም ቀዩ ውስጥ ትገባለች። አምስት ቁጥር፣ አምስት ቁጥር ይላል፣ በሩ የተቆለፈ ነው፣ ሰው የለ፣ መጀመሪያ ሌባ መስሎኝ ዱላ ይዤ ቆምኩ አለ። አብረን ሳቅን። ለጉጉት ልነግራት ነበር፣ ግን ሰሞኑን ሳገኛት ትተኛለች።

ካፖርቱ ድምፁ በፉጨት ይቀየር፣ መዛኞቹ ሊከብዳቸው ይችላል ብሎኛል። እምቢ አልኩት። ድምፄን አልሰጥም።

ቅዳሜ 30

ክር ሞተ።

ማክሰኞ 3

ትናንት ቀበርነው።

የሆነው ይህ ነው። ዓርብ ሌሊት ሁለት ቁጥር አልጋ ላይ ያለው ታማሚ ደም አስመለሰው። ጉጉት እሱን ይዛ ነበር። አብራት ያደረችው ነርስ ሐኪም ልትጠራ ወርዳለች። አምስት ቁጥርን ከግማሽ ሰዓት በፊት አይታው ነበር፣ ሩብ ያህል ነበረው። የሲሊንደሩ አንገት ላይ ያለችው ብሎን ላልታ ኖሯል፤ ቀስ ብሎ ሳይሰማ ወጥቶ አለቀ። ሲያልቅ የተናገረ አልነበረም። ክር ራሱ ቢጠራትም ከዚያ ጥግ አይሰማም። ደርሳ ስታየው እጁ ከትራሱ ሥር ነበር፣ ኮቱ ላይ።

የሆስፒታሉ ኃላፊ ጀርባዬን እየመታ ጊዜው ደርሶ ነው አለኝ። ካፖርቱም መጥቶ ነበር፤ ካፖርቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ይዞ ቆመ። ጊዜው ደርሶ ነው የሚሉት ሰዎች ቢያንስ አንድ እውነት ይዘዋል፤ ጊዜው መድረሱን የሚናገረው ሳጥን ነበር የተወሰደው።

ዛሬ ጠዋት ወደ አዳራሹ ሄድኩ። የሄድኩበትን አላውቅም። ዘበኛው እየሳቀ ተቀበለኝ። ዓርብስ ባሰበት ጋሼ፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ክሩ ሊበጠስ ነው፣ ክሩ ሊበጠስ ነው፤ የምን ክር ነው እሱ? አለኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የኔ የባሰ ነው። ጅቡ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ውሻው በሰው ግቢ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ጭብጨባ ፍለጋ ነበር የሚጮኸው። ደግሞ ያስጮኸው ሌላ አይደለም። አዲስ ሲሊንደር እንስጥህ ሲሉኝ ይሄው ይሻላል ያልኩት እኔ ነኝ።

ማታ ጉጉት ጋ ሄድኩ። በሩን ከፈተችና «ይቀመጡ» አለችኝ። እርስዎ አለችኝ። ከተወለደች ጀምሮ አንተ ስትለኝ የኖረች ልጅ። ሻይ አቀረበችልኝ፣ ስኳር ምን ያህል እንደምወድ እንደማታውቅ ሆና ጠየቀችኝ። ሁለት አልኳት። እንደ እንግዳ ጠጥቼ እንደ እንግዳ ወጣሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ክር እውነቱን ነው፣ አትችልበትም።

በዚህ ደብተር ላይ ሁለቴ ሰሌዳውም ስሜም ግድ እንዳልሰጠኝ ጽፌአለሁ። ዛሬ መልሼ አነበብኩት። ለኔ ምኔም አይደል ይላል። ለስሜ ብዬ አይደለም ይላል። ማን ጠይቆኝ ነበር?

ዓርብ 6

ሱቅ ውስጥ ከሙከራው ጊዜ የቀሩ ሁለት ባዶ ቀፎዎች ነበሩ። በያንዳንዳቸው ውስጥ አንዳንድ ባትሪና አንዳንድ ቀይ አምፖል አስገባሁ። ብልጭ ይላሉ፣ ሌላ ምንም አይችሉም። ዘበኛውን ሳጥኑን ዝም ላሰኘው መጣሁ አልኩት፤ መርቆ አስገባኝ። ቀፎዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እውነተኞቹን በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ ወጣሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ሸር ስሠራ ለሳምንት ይሞቀኝ ነበር። ዛሬ አልሞቀኝም።

ጉጉት ክፍሉ በር ላይ ተቀበለችኝ። አምስት ቁጥር ላይ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ተኝቷል። ሳጥኑን ልትገጥም ስትል ቆም አለችና፣ ድምፅዎን ያጥፉልኝ አለች። እዚያው ቁጭ ብዬ አጠፋሁት፣ ፉጨት አደረግሁበት። ሾፌሩ ምንድነው እሱ አለኝ። ምንም አይደል፣ ፉጨት ነው አልኩት።

ረቡዕ 11

አለፍን።

መስኮት ሦስት ያለችው ሴትዮ ደስ ብሏት የምዘናውን ወረቀት በቀዳዳዋ አሾለከችልኝ። ተጎንብሼ አነበብኩ። ከሠላሳ አራት አመልካቾች ሁለተኛ። መዛኞቹ ሳጥኖቹን ትናንት «በዝርዝር መርምረዋል»። የሁለቱ ናሙናዎች ግንኙነት፣ ከአሥራ አምስት አሥራ አራት። በልዩ አስተያየት፦ «ቀድሞ ሲረብሽ የነበረው ድምፅ ተወግዶ ሥርዓቱ ጸጥታ የሰፈነበት መሆኑ ይበል የሚያሰኝ ነው።»

ባዶ ቀፎ ነው የመረመሩት። ከአራቱ መዛኞች አንዱ እንኳ አንስቶ አላየውም። ቢያነሳው ይቀለዋል፣ ቢነቀንቀው ባትሪው ይንኳኳል። ጸጥ ስላለ ወደዱት። የሞተ ሰውም ጸጥ ይላል። ደረጃው ላይ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። አንዲት የምታልፍ ሴት አባባ ደህና ነህ አለችኝ። አልፌ ነው አልኳት።

ሰኞ 16

ካፖርቱ ውሉን ይዞ መጣ። ሦስቱ አጋሮች ካልፈረሙ ድጋፉ ለሌላ ያልፋል፤ እስከ ሐሙስ ነው። ከአዳራሹ የመለሳቸውን ሁለት ቀፎዎች በከረጢት ይዟል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣቸው፣ እጁን ከላያቸው ላይ ወዲያው አላነሳም።

«ቀላል ናቸው ጋሼ» አለኝ። አላየኝም።

«ቀላል ናቸው» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ስለ እነሱ አላነሳንም። ያውቃል። ከመዛኞቹ በፊት አውቆ ይሁን በኋላ አልጠየቅሁትም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ስል የከረምኩት በሱ ነው፤ ዛሬ ሳየው እሱም መቁረጫውን የት እንደሚያስቀምጥ የጠፋው ሰው መሰለኝ። አልፈርምም አልኩት። እንደማይፈርሙ አውቃለሁ አለና ውሉን ትቶ ሄደ።

አልፈርምም። ጸጥታ የሰፈነበትን ይስጡት ለፕላስቲክ አበባው።

ማክሰኞ 17

ጉጉት ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ሱቅ መጣች። ገና ስትገባ ያልፈረምኩት ውል ጠረጴዛው ላይ ታያት። ወንበሩን ከድመቷ ወሰደች፤ ድመቷ ለሷ ትለቃለች።

ሌሊት ሾፌሩ አልቆበት ነበር አለች። ደርሼበታለሁ፣ ግን ፉጨቱን አልሰማሁትም፤ አሥር ነገር ያፏጫል እዚያ ቤት፤ መርፌውን በአጋጣሚ ነው ያየሁት አለች። ከዚያ ውሉን አንስታ አየችው። እኔ ለምን እንዳልፈረምኩ መናገር ጀመርኩ። ስለ መዛኞቹ፣ ስለ ቀፎው፣ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ክር። ብዙ ተናገርኩ። ሳልቀልድ ብዙ ስናገር መጀመሪያዬ ነው መሰለኝ፣ ቃሉ እየተወለካከፈብኝ።

«ጋሼ፣ ፈርም» አለችኝ። «አንተን ለመቅጣት አርባ ክፍል አልቀጣም። አንተም ራስህን በነሱ አትቅጣ።»

አንተ አለችኝ። ያንን የሰማሁት ከሄደች በኋላ ነው።

ሐሙስ 19

ኮቱን ለብሼ ሄድኩ። ጉጉት ከትራሱ ሥር ያገኘችውን አጥፋ አስቀምጣልኝ ነበር። ቀኝ እጅጌው እንዳለ ነው፣ ነጩ ክር በትልልቁ ይታያል። ወረፋው ውስጥ ያለው ሰው እጅጌዎ አላለቀም አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

መስኮት ሦስት ላይ ተጎንብሼ ፈረምኩ፤ ከስሜ በላይ «የማኅበረሰብ ተወካይ» ይላል። እጄ የኔ እስከማትመስለኝ ድረስ አስጠላችኝ። ከፊርማው በታች ግን በእጄ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ለማንም፣ ለምንም ምዘና ቢሆን፣ አንድም ሳጥን ከታማሚ አልጋ ላይ አይነቀልም።» ድመቷን በላዩ መታሁ። ሴትዮዋ ውል ላይ በእጅ መጨመር አይፈቀድም አለችኝ። ለምን እንደጨመርኩ ነገርኳት። ሁሉንም አልነገርኳትም፤ አምስት ቁጥር አልጋ ላይ ጓደኛ ነበረኝ፣ ሳጥኑን ወስጄበት ሞተ፣ ይኸው ነው። ወረቀቱን ብዙ አየችው። ከዚያ የመንግሥትን ማኅተም አንስታ ከእጅ ጽሑፌ ላይ አሳረፈችው፣ ከድመቷ አጠገብ። ቀጣይ አለች።

ይህ ያድናል ብዬ አልዋሽም። ወረቀት ነው። ነገ ሌላ ካፖርት ለብሶ የሚመጣ ሌላ ቀዳዳ ያገኝለታል።

ከዚያ ወደ ክፍሉ። ጉጉት ሳጥኑ ድምፅ ይመለስለት፣ ሳቅ ግን አይኑርበት አለች። ቁጥሩን ብቻ በል። መድኃኒት ማስቀመጫው ጓዳ ውስጥ ተቀምጬ መቅዳት ጀመርኩ። «ጉጉት። አምስት ቁጥር።» ሁለት ቃልና አንድ ስም። ይህን ለመናገር ምን አለበት? ግን ስሰማው ይቀልዳል። ደገምኩት፣ ይቀልዳል። ድምፄ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሌላ መንገድ አልሄደም፤ ሲያዝንም ያሽሟጥጣል። በአሥራ አራተኛው ላይ ደከመኝና ቃሉ በራሱ ወጣ፤ ማንም የማይስቅበት የአንድ ሽማግሌ ድምፅ። አላወቅሁትም። ጉጉት ሰማችውና ይሄ ነው አለች።

ገጠመችው። ሾፌሩ የማን ድምፅ ነው አላት። የአጎቴ ነው አለችው።

ልወጣ ስል እጅጌዬን ያዘችኝ። «ይሄ ክር ተንጠልጥሏል፣ ሂድና አሰፋው።»

ይቆይ አልኳት።